ሐኪም ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ለማን ይነገራል?

  

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ወረቀት ነው። ሰው ሐኪም ቤት ውስጥ ሲሞት ለቤተሰቡ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ነገሩ ለጆሮ አይጥምም፤ እናውቃለን። ማንም ወዶ የሚያነበው ወረቀት አይደለም። ብዙ ሰው አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ለቀብር ያሳየዋል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አይታወቅም። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን ወደ ኪሱ ከመክተቱ በፊት ሊያነበው ይገባል። እዚያ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ለባልቴቲቱ፣ ለልጆቹ፣ ለአገርም ብዙ ነገር ይወስናል።

እስቲ ከመርካቶ እንጀምር።

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ጀርባ ባሉት ሰፈሮች፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ሲሞት ነገሩ አይደበቅም። የጎረቤትና የጎረቤት ግድግዳ አንድ ነው። ያስታመመው አለ። ጠበል የወሰደው አለ፤ ዱዓ ያደረገለት አለ። የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም ይሰማል። ድንኳን ይተከላል። «ምን ነካው?» ብሎ የሚጠይቅ ሞልቷል፤ የሚመልስም ሞልቷል። ሰውዬው አላግባብ ሞቶ ከሆነ ወሬው ከሸራ ተራ ተነስቶ አውቶቡስ ተራ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።

ሐኪም ቤት ግን ሌላ ነው። በሩ ይዘጋል። ቤተሰብ ውጭ አግዳሚ ላይ ቁጭ ይላል። ውስጥ የሆነውን የሚያውቁት ሐኪሙ፣ ነርሷና ሌሎች ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ሕመምተኛው ሲያርፍ የሞተበትን ምክንያት የሚጽፉትም እነሱው ናቸው። ያከሙት እነሱ፤ ስለ ሞቱ የሚመሰክሩትም እነሱ። አብዛኞቹ እውነቱን ይጽፋሉ። እንዲያውም ሌሊቱን ሙሉ ከሞት ጋር ሲታገሉ አድረው፣ ደክሟቸው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ጥያቄያችን ስለ ሐኪሙ ጠባይ አይደለም። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሐኪም ቤቱ የጻፈውን ከሐኪም ቤቱ ውጭ ሆኖ የሚያይ ማነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለማስረዳት ያህል የምናቀርበው ነው እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ከጉራጌ አገር መጥቶ በርበሬ ተራ አካባቢ ሸክም እየተሸከመ የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። አንድ ቀን ጠዋት ኩንታል ተሸክሞ መንገድ ሲያቋርጥ አይሱዙ ገጨው። የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ሐኪም ቤት ገባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይነሳ በጀርባው ተኛ። በጀርባው ብዙ የሚተኛ ሰው ሳንባው በቀላሉ ይታመማል። እሱንም የሳንባ ምች ያዘው። አረፈ።

ይህ ሰው በምን ሞተ?

«በሳንባ ምች» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ውሸት አይደለም። ግን ሙሉው እውነት ነው? መኪናው ባይገጨው ኖሮ አጥንቱ አይሰበርም ነበር። አጥንቱ ባይሰበር አይተኛም ነበር። ባይተኛ ሳንባው አይታመምም ነበር። የሞቱ ሥር መኪናው ነው። ወረቀቱ «የሳንባ ምች» ብሎ ቢያቆም ግን መኪናው ከታሪኩ ውስጥ ይጠፋል። ፖሊስ የሰው ሕይወት የጠፋበት አደጋ መሆኑን አያውቅም። ሾፌሩ በአካል ጉዳት ብቻ ይጠየቃል። በአገራችን ሕግ እያንዳንዱ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይህን ይደነግጋል። መድኑ መኪና ለገደለው ሰው ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል። ባልቴቲቱ ካሳውን ልትጠይቅ ስትሄድ «ባልሽ የሞተው በሳንባ ምች ነው ይላል እኮ ወረቀቱ» ብትባል ምን ትመልሳለች? ባሏ ተቀብሯል። ሬሳው ለቀብር አገሩ ሄዷል። ልጆቿን ይዛ ቆማለች።

ለዚህ ነው የሞት ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ ማወቅ የሚጠቅመው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአገሮች ሁሉ ያዘጋጀው ቅጽ አለ። በዚያ ቅጽ ላይ የሞት ምክንያት በአንድ መስመር አይጻፍም። መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ሰውዬውን በመጨረሻ የገደለው ነገር ይጻፋል። ከሥሩ ደግሞ «ይህስ ከምን መጣ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይጻፋል። ከዚያም ሥር «ያስ ከምን መጣ?» ይባላል። የተሸካሚያችን ወረቀት በደንብ ቢጻፍ በ«ሀ» የሳንባ ምች ይላል። በ«ለ» የጭን አጥንት ስብራት ይላል። በ«ሐ» የመኪና አደጋ ይላል። እንግዲህ ዋናው ምክንያት ያለው ከታች ነው። ወረቀቱን ስታነቡ ከላይ አትቁሙ፤ እስከ ታች ውረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ አገር፣ በእኛም አገር፣ የሞት ወረቀት ላይ «ልብና ትንፋሽ መቆም» የሚል ይጻፋል። በሐኪሞች ቋንቋ ረጅም ስም አለው። ይህ ግን ምክንያት አይደለም። የሞተ ሰው ሁሉ ልቡ ይቆማል፤ ትንፋሹም ይቆማል። በጥይት የሞተውም፣ በወባ የሞተውም፣ በዘጠና ዓመቱ ተኝቶ ያረፈውም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ብቻውን እንደ ሞት ምክንያት አድርጋችሁ አትጻፉ ብሎ ሐኪሞችን ያስጠነቅቃል። ወረቀታችሁ ላይ ይኸው ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ «ልቡ ለምን ቆመ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ድፍረት አይደለም። ሐኪሙም በትምህርት ቤቱ የተማረው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ፖሊስ እንሂድ።

ሰው በበሽታ ሳይሆን በሌላ ነገር ሲሞት ነገሩ የፖሊስ ነው። በመኪና የተገጨ፣ ከፎቅ የወደቀ፣ የተደበደበ፣ የተቃጠለ፣ መርዝ የጠጣ፣ ወይም በድንገት ሞቶ ምክንያቱ ያልታወቀ ሰው ማለት ነው። የሐኪም ቤት ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «ፖሊስ ኬዝ» ይሉታል። ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው አስከሬኑ እንዲመረመር ደብዳቤ ይጽፋል። በአገራችን ይህን ምርመራ ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ለአዲስ አበባ ብቻ አልነበረም፤ ከክፍለ ሀገርም አስከሬን በመኪና ተጭኖ ወደዚያ ይመጣ ነበር። በኋላ ደግሞ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሥራ ይዟል። የመርካቶ ሰው ጳውሎስን ያውቀዋል፤ ከሰፈሩ ሩቅ አይደለም።

ምርመራው አስከሬኑን ከውጭም ከውስጥም ማየት ነው። ቤተሰብ ይህን ይፈራል። «ሬሳችንን አትንኩብን» ይላል። ክርስቲያኑም ቶሎ መቅበር ይወዳል፤ ሙስሊሙም በዚያው ቀን መቅበር ይወዳል። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ሙትን ማክበር የእኛ ወግ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከቀብር በፊት ምርመራው የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ነው። ከቀብር በኋላ ከሆነ መቃብር መክፈት ይጠይቃል። ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ ቀን ይፈጃል፤ ለቅሶውንም እንደገና ይቀሰቅሳል። ሬሳውም እየፈረሰ ስለሚሄድ ብዙ ምልክት ይጠፋል።

እስካሁን የተናገርነው ቀላሉን ነው። መኪናው ይታያል፤ ዱላው ይታያል። አስቸጋሪው ሌላ ነው። ሰውዬው የሞተው በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ቢሆንስ? መድኃኒት ተሳስቶ ተሰጥቶት ቢሆንስ? ደም ሲፈሰው ሳይታይ ቀርቶ ቢሆንስ? እዚህ ላይ «ይህ ሞት ለፖሊስ ይነገር» ብሎ ለመወሰን የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? ያው ያከመው ሐኪም ነው። ከበላዩም ሐኪም ቤቱ ነው። ሰው በራሱ ላይ ምስክር ሁን ሲባል ከባድ ነው። ደግ ሰው እንኳ ይከብደዋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ አገርን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ጠቃሚ ነው።

እንግሊዞች «ኮሮነር» የሚሉት ሹም አላቸው። ሥራው አንድ ነው፤ ምክንያቱ ያልታወቀን ወይም ከተፈጥሮ ውጭ የሆነን ሞት መመርመር። ሐኪም ቤት አይቀጥረውም፤ ፖሊስም አይደለም። ሹመቱ በጣም የቆየ ነው፤ ከ800 ዓመት በላይ ይሆነዋል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሹም የለም። እንግሊዝ አገር ሐኪም አንድን ሞት ከተጠራጠረ ለኮሮነሩ ማስታወቅ አለበት። ካልተጠራጠረ ግን ራሱ ፈርሞ ወረቀቱን ይሰጥ ነበር። ቀዳዳው ያለው እዚህ ላይ ነበር።

ማንችስተር በምትባል ከተማ አጠገብ ሃሮልድ ሺፕማን የሚባል ሐኪም ነበር። ሰው ይወደው ነበር። አሮጊቶች ቤት ድረስ እየሄደ ያክም ነበር። ይህ ሰው ሕመምተኞቹን ሕመም የሚያስታግስ ኃይለኛ መድኃኒት በብዛት እየወጋ ይገድላቸው ነበር። ከዚያ የሞት ወረቀቱን ራሱ ይጽፋል፤ «እርጅና» ወይም «የልብ በሽታ» ይላል። ለኮሮነር አያስታውቅም። ማን ይጠይቀዋል? ጻፊው እሱ፣ ፈራሚው እሱ።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ማን መሰሏችሁ? ከጠረጠሩት መጀመሪያዎቹ ቀባሪዎች ናቸው። ሬሳ የሚያነሱ፣ ሳጥን የሚያዘጋጁ ሰዎች። የዚህ ሐኪም ሙታን በዙብን አሉ። አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው፤ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚገኙት አሉ። አንዲት የጎረቤት ሐኪምም በመጋቢት 1990 ዓ.ም ነገሩን ለኮሮነሩ ነገረች። ፖሊስ አየው፤ ግን በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ተወው። ሺፕማን ከዚያ በኋላ ሌሎች ሦስት ሴቶችን ገደለ። በመጨረሻ ያስያዘው ወረቀት ነው። አንዲት እናት ሞተች። ኑዛዜ ተገኘ፤ ሀብቷን ሁሉ ለሐኪሙ ትታለች ይላል። ልጅቱ ጠበቃ ነበረች። ኑዛዜውን ስታነበው የእናቷ ቃል አልመስል አላት። ለፖሊስ ነገረች። መቃብሩ ተከፈተ፤ መድኃኒቱ በአስከሬኑ ውስጥ ተገኘ። ሺፕማን በጥር 1992 ዓ.ም 15 ሰዎችን በመግደል ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ አንዲት ዳኛ ነገሩን ለብዙ ዓመታት መርምረው የገደላቸው ሰዎች 250 ያህል ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ።

እንዲህ ያለ ሐኪም በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ነው፤ ይህን ተናግሬ አልፋለሁ። እንግሊዞች ግን ትምህርቱን ወሰዱ። ዛሬ ወደ ኮሮነር የማይሄደውን ሞት ሁሉ ሌላ ሐኪም፣ ሟቹን ያላከመ ሐኪም፣ ያየዋል። ካርዱን ያነባል፤ ያከመውን ሐኪም ይጠይቃል፤ ቤተሰቡንም «የሚያሳስባችሁ ነገር አለ?» ይላል። ይህ አሠራር በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ ግዴታ የሆነው ከጳጉሜን 2016 ዓ.ም ጀምሮ ነው። ሺፕማን ከተፈረደበት ከ24 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሀብታም አገርም እንዲህ ይዘገያል።

ታዲያ እኛስ? እኛ ከሁሉ በፊት ሞትን መመዝገብ ራሱ ዘግይቶብናል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጾች ነበሩት። ማን ይመዘግባል፣ መዝገቡ ምን ይላል፣ ሁሉም ተጽፎ ነበር። ነገር ግን በሕጉ መጨረሻ ላይ ቁጥር 3361 የሚባል አንቀጽ አለ። ይህ አንቀጽ የመዝገቡ ሕግ ወደፊት ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አይሠራም ይላል። ትእዛዙ ሳይወጣ 52 ዓመት አለፈ! በመካከሉ ማዘጋጃ ቤት ለጠየቀ ሰው ወረቀት ይሰጥ ነበር እንጂ ሞት ሁሉ የሚጻፍበት የአገር መዝገብ አልነበረም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም ነው። በመላ አገሪቱ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። «ወሳኝ ኩነት» ማለት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ናቸው። ሕጉ ይኑር እንጂ ዛሬም በአገራችን አብዛኛው ሞት ሳይመዘገብ ይቀራል።

መዝገብ በሌለበት ዘመን ግን አዲስ አበባ አንድ ብልሃት አግኝታ ነበር። ይህን ታሪክ እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ስለ ማንበብና ስለ መጻፍ ስለሆነ።

ዘመኑ ኤድስ የበረታበት ነው። ወጣቶች ይረግፉ ነበር። ስንት ሰው በኤድስ እንደሚሞት ግን በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። ብዙው ሰው ቤቱ ይሞታል። ሐኪም ቤት የሞተውም ቢሆን ቤተሰቡ የበሽታውን ስም አይናገርም። በ1993 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ብለው አሰቡ። ሰው የትም ይሙት፣ የሚቀበረው መካነ መቃብር ነው። ስለዚህ በከተማው መካነ መቃብሮች፣ በቤተ ክርስቲያኑም በሙስሊሙ መቃብርም፣ ጸሐፊዎች ተቀመጡ። ቀብር ሲመጣ የሟቹን ዕድሜ፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን፣ ሰፈሩን ይጽፋሉ። «በምን ሞተ?» ብለውም ለቀስተኛውን ይጠይቃሉ።

ለቀስተኛው ኤድስ አይልም። «ሳንባ» ይላል። «የሳንባ ነቀርሳ» ይላል። «አልማዝ ባለጭራ» ይላል። ጸሐፊው የሰማውን ይጽፋል። ተመራማሪዎቹ ደግሞ ከቀብሩ በኋላ የአንዳንዶቹን ቤተሰብ ቤት ሄደው ረጋ ብለው ይጠይቁ ነበር። ስንት ወር ታመመ? ከሳ ወይ? ተቅማጥ ነበረው? ሳል ነበረው? በዚህ መልክ ቃላቱ ምን ማለት እንደሆኑ ተፈታ። ሰው የደበቀ መስሎት የሚናገራቸው ቃላት ራሳቸው እውነቱን ይናገሩ ነበር። በወጣትነትና በጎልማሳነት ዕድሜ ከሚሞተው የአዲስ አበባ ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኤድስ እንደሚሞት ታወቀ። በ1997 ዓ.ም መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ያው የመቃብር መዝገብ ሞቱ እየቀነሰ መሄዱን አሳየ። መድኃኒቱ መሥራቱን ቀብር ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ በእስክሪብቶው መሰከረ። ኮሮና በ2012 ዓ.ም ሲገባም ተመራማሪዎች ወደዚሁ መዝገብ ተመለሱ፤ የቀብር ቁጥር ከወትሮው በልጦ እንደሆነ ለማየት።

የመቃብር መዝገብ ከሐኪም ቤት ውጭ ያለ ዓይን ነው። ግን የሚያየው ብዙውን ሰው ባንድ ላይ ነው። የአንዱን ሰው ሞት ነጥሎ «ይህ ሰው መዳን ይችል ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን የሚጠይቅ ሌላ አሠራር በ2005 ዓ.ም ተጀምሯል፤ ለአንድ ዓይነት ሞት ብቻ ነው። በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ለምትሞት እናት። በኋላ ለጨቅላ ሕፃናትም ተጨምሯል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ስትሞት ሐኪም ቤቱ ወይም ጤና ጣቢያው ያስታውቃል። ቤቷ ከሞተች ደግሞ የጤና ባለሙያ ቤተሰቡን ሄዶ ይጠይቃል። ከዚያ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ የሟቿ ስም አይነሳም፤ የሐኪሙም ስም አይነሳም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ቤት ሳለች ቶሎ ውጡ የሚል ጠፍቶ ዘገየች? መንገድ ላይ ዘገየች? ሐኪም ቤት ከደረሰች በኋላ ዘገየች? ባለሙያዎች እነዚህን ሦስቱ መዘግየቶች ይሏቸዋል። መርካቶን አስቡት። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ፣ ምናለሽ ተራ ላይ ጋሪና አይሱዙ ተጠላልፎ አምቡላንስ እንዴት ያልፋል? ሌላ ጊዜ ደግሞ አምቡላንሱ በደቂቃ ደርሶ ደም ያልተገኘው ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሞቶች አንድ አይደሉም። ለአንዱ መንገድ ይፈልጋል፤ ለሌላው የደም ባንክ ይፈልጋል።

በ1992 ዓ.ም በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም ጥናት ይህ ቁጥር 412 ሆነ። ትልቅ ለውጥ ነው። አሁንም ግን ለኮሚቴዎቹ የሚነገረው ሞት ይሞታሉ ተብለው ከሚገመቱት እናቶች ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረው ሳይነገር ይቀበራል። ደግሞም ኮሚቴው ማንንም አይቀጣም፤ የተቋቋመው ለመማር ነው። ሐኪሞች እውነቱን እንዲያወጡ ይህ መሆኑ ደግ ነው። አንድ ነገር ግን ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ኮሚቴው የደረሰበትን ቤተሰቡ አይሰማም። ሚስቱ የሞተችበት ሰው «ለሌሎች ትምህርት ሆናለች» ማለት ብቻ ይበቃዋል? ስም ሳይጠራ፣ ማንም ሳይወቀስ፣ የሆነውን ለቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ መንገር ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ቤተሰብ ስሕተት ተፈጽሟል ብሎ ካመነ ሌላ በር አለ። አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር የሚመረምር ኮሚቴ በፌዴራል ደረጃ ሲሠራ ቆይቷል። ሐኪሞች ራሳቸው በ2011 ዓ.ም ኮሚቴው ውሳኔ የሰጠባቸውን 125 ጉዳዮች አጥንተው ጽፈዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕመምተኛው የሞተባቸው ናቸው። በወንጀል ሕጋችንም ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል፤ ሐኪምና ሾፌርን በስም ይጠቅሳል። ግን ልብ በሉ። ኮሚቴውም ፍርድ ቤቱም የሚያየው ወረቀትና ማስረጃ ነው። አስከሬኑ ሳይመረመር ተቀብሮ ከሆነ፣ የሚቀረው ሐኪም ቤቱ ራሱ የጻፈው ካርድ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን ይመልሰናል።

እንግዲህ ሐዘን ቤታችሁ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ? ያለቀሰ ሰው ወረቀት አያነብም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ስለዚህ ሥራውን ከቤተሰቡ ቀረብ ያለ፣ ማንበብ የሚችል፣ ልቡ የረጋ አንድ ሰው ይያዘው። ብዙ ጊዜ የእድሩ ጸሐፊ ለዚህ ይሆናል። የእድር ጸሐፊ መዝገብ ያውቃል።

ይህ ሰው መጀመሪያ ስሙን ያንብብ። የሟቹ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት። መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው በአገሩ ስም ሌላ፣ በሰፈር ስም ሌላ ሆኖ ይኖራል። አምቡላንሱ የሰፈር ስሙን ሰምቶ አስመዝግቦት ይሆናል። ያ ስም በወረቀቱ ላይ ከቀረ በኋላ ለውርስ፣ ለባንክ ደብተር፣ ለቀበሌ ቤት ኪራይ ውል ማዞሪያ አይሆንም። ቀጥሎ ቀኑን ያንብብ። ከዚያ ምክንያቱን ያንብብ፤ እስከ ታች። አደጋ ነበረ? ከሥራ ላይ ወድቆ ነበር? ተደብድቦ ነበር? ወረቀቱ ይህን ይላል? ካላለ፣ ሬሳው ከሐኪም ቤት ሳይወጣ ያከመውን ሐኪም ይጠይቅ። ቁጣ አያስፈልግም። «ዶክተር፣ ይህ ሕመም ከምን መጣ ይላሉ? አደጋው ለምን አልተጻፈም?» ማለት በቂ ነው። ሐኪሙ ረስቶት ከሆነ ያርመዋል። መልሱ ካላጠገበው፣ ለሐኪም ቤቱ ኃላፊ ይንገር። አሁንም ጥርጣሬው ካልወጣ በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ያመልክትና ምርመራ ይጠይቅ። ይህን ሲያደርግ ለቀስተኛው ያጉረመርማል፤ «ሬሳ አታስቀምጡ» ይላል። ይታገሡት።

ከቀብር በኋላ የወረቀቱ ቅጂ ይወሰድ፤ አንዱ ቤተሰቡ ዘንድ፣ አንዱ እድሩ ዘንድ ይቀመጥ። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ሟቹ ይኖርበት ወደነበረው ወረዳ፣ ወደ ሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይኬዳል። ሕጉ ለሞት የሰጠው ቀን 30 ነው። ማስመዝገብ ያለበት መጀመሪያ ከሟቹ ጋር ይኖር የነበረ ሰው ነው፤ እሱ ከሌለ ዘመድ፤ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት። ሐኪም ቤቱም በበኩሉ የማስታወቅ ግዴታ አለበት፤ እሱ ያስታውቃል ብላችሁ ግን ቁጭ አትበሉ። የሟቹን መታወቂያና የሐኪም ቤቱን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ ከመፈረማችሁ በፊት የጻፈውን ያንብብላችሁ፤ ወይም ራሳችሁ አንብቡት። አርባው እስኪወጣ ብላችሁ የቆያችሁ እንደሆነ 30ው ቀን ያልፋችኋል። ቢያልፍም ተስፋ አትቁረጡ፤ ዘግይቶም ይመዘገባል። ለምን እንደዘገያችሁ ግን ትጠየቃላችሁ።